ደወል ሲጮህ የምትወድቀው ታካሚ፦ ከሚጥል በሽታ መዝገብ እስከ አንዲት የፖታሲየም በር

ለምን ተጻፈ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው በሽታው ብርቅ ስለሆነ አይደለም። በአንዲት ሴት መዝገብ ላይ የሰፈረ «የሚጥል በሽታ» የሚል አንድ የተሳሳተ ቃል 11 ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠራጠረው መቆየቱ ስለሚቆጨኝ ነው። ቃሉን ለመፋቅ የሚያስፈልገው አንድ የልብ ምርመራ ወረቀት፣ ማስመሪያና አምስት ደቂቃ ነበር። በሕክምናው ሂደት ከተሠሩት ስሕተቶች አንዱ የራሴ ነው፤ ቦታው ሲደርስ አልደብቀውም።

የኋላ ታሪክ

ታካሚዋ የ27 ዓመት ሴት ናት፤ የአምስት ወር ሕፃን ታጠባለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው በ16 ዓመቷ፣ ማለዳ፣ የማንቂያ ሰዓት ሲጮህ ከአልጋዋ ተስፈንጥራ ስትነሣ ነበር። ሰውነቷ ገተር አለ፣ እጆቿ ጥቂት ተንዘፈዘፉ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ነቃች። ሁለተኛው ስልክ ሲጠራ ሆነ። ሦስተኛው ከጀርባዋ በር በኃይል ሲዘጋ።

የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢኢጂ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜም ንጹሕ ሆነ። ንጹሕ ኢኢጂ የሚጥል በሽታ የለም ለማለት አያስችልም፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ይህ እውነት ጥያቄውን ለመዝጋት ማገልገሉ ነው። ካርባማዜፒን የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታዘዘላት። መውደቁ አልቀረም፤ መጠኑ ተጨመረ። አሁንም አልቀረም፤ እንደገና ተጨመረ። ከወለደች በኋላ ደግሞ ጭራሽ ተደጋገመ።

መዝገቡን ገጽ በገጽ ስገልጥ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «እናት ድምፅ ያስደነግጣታል ይላሉ።» ከሥሯ ምንም አልተጻፈም። እናቲቱን በኋላ ስጠይቃቸው የተናገሩት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነበር። «ዶክተር፣ እሷን የሚጥላት ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ ሰዓቱንም ስልኩንም ከክፍሏ አውጥቼባት ስድስት ወር ሙሉ አልወደቀችም። ለሐኪሞቹ ነግሬያለሁ።» ነግረው ነበር። ከሰሙት ሐኪሞች መካከል ግን እኚህ እናት ሳያውቁት የስድስት ወር ሙከራ አድርገው ውጤቱን ይዘው እንደ መጡ የተረዳ አልነበረም።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ያመጣት

ለሦስት ቀን ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ሰንብቷል። ሳልም ስለነበራት ክላሪትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጀምራለች። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ የስልኳ ደወል ጮኸ፤ ወደቀች። ደወሉ የተሞላው የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ሰዓት እንዳታሳልፍ ነበር።

ባለቤቷ ያየውን በቅደም ተከተል ነገረኝ። መጀመሪያ ፊቷ ወረቀት መሰለ፤ ቀጥሎ ዐይኗ ወደ ላይ ሄደ፤ መንቀጥቀጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስትነቃ ወዲያው ስሙን ጠርታ ሕፃኑን ጠየቀች። ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል። ልብ ደም መርጨት ሲያቆም አንጎል ከአሥር ሰከንድ ያህል በላይ አይታገሥም፤ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ይገትራል፣ ይንዘፈዘፋልም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ የሚጥል በሽታን ቁርጥ ይመስላል። ልዩነቱ ቀድሞ የሚታየው ንጣት ነው፤ ሲያበቃም አእምሮ ቶሎ መመለሱ ነው።

የደም ስኳሯ ደኅና፣ የራስ ሲቲ ስካኗም ደኅና ነበር። ፖታሲየሟ ግን 2.9 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ ዝቅተኛው ጤናማ ልክ 3.5 ነው። ማግኒዚየሟም ወርዷል። የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያው ኢሲጂ ወረቀቱን ተፍቶ በራሱ አንደበት «በጤናማ ልክ ውስጥ» የሚል ፍርድ ጻፈበት። የተስተካከለው ኪውቲ፣ ማለትም የታችኛው የልብ ክፍል ከኤሌክትሪክ ምቱ መነሻ እስከ ዕረፍቱ የሚፈጅበት ጊዜ በልብ ምት ፍጥነት ተስተካክሎ፣ 448 ሚሊሰከንድ ነው አለ።

አንዲት ነርስ ወረቀቱን አገላብጣ ስታይ ቆይታ «ይህ ቲ ሞገድ ሁለት ጉብታ አለው እንዴ?» አለች። ቲ ሞገድ የልብ ሕዋሳት ወደ ዕረፍታቸው ሲመለሱ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጉብታ ነው። ሁለት ነበረው። ዝቅ ያለ፣ ወገቡ ላይ የተሰረጎደ፣ እንደ ደከመ ግመል ጀርባ ያለ ሞገድ። ማሽኑ መጨረሻው ብሎ የያዘው የመጀመሪያውን ጉብታ ነው። ማስመሪያ አውጥቼ በእጄ ለካሁት። በተለመደው ፍጥነት አንዲቷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊሰከንድ ናት፤ ኪው ከሚባለው የምቱ መነሻ እስከ ሁለተኛው ጉብታ ማብቂያ 12 ካሬ ተኩል ሆነ፤ 500 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ልቧ በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታ ስለነበር ባዜት በ1920 ባወጣው ቀመር ሲስተካከል 540 ይደርሳል። ለሴት ጤናማው ጣሪያ 460 ገደማ ነው፤ ከ500 በላይ ሲሆን አደጋው ግልጽ ነው።

ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለችው በር

እዚህ ላይ ጉዳዩን ትቼ ወደ ሕዋሱ ልግባ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሆነው ትርጉም አይሰጥም።

በልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 140 ሚሊሞል ያህል ነው፤ ከውጭ ያለው 4 አካባቢ። ሦስት ሶዲየም እያወጣ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባ ፓምፕ ይህን ልዩነት ያለ ዕረፍት ይጠብቃል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ፖታሲየምን መርጠው የሚያሳልፉ የፕሮቲን በሮች አሉ፤ ሕዋሱ ሲያርፍ ጥቂቶቹ ክፍት ናቸው። ፖታሲየም ብዛቱ ገፍቶት ይወጣል፤ ፖዘቲቭ ቻርጁን ይዞ ስለሚወጣም ውስጡን ኔጌቲቭ አድርጎት ይሄዳል። ኔጌቲቭነቱ መልሶ የሚስበው ኃይል ከግፊቱ ጋር እስኪተካከል ድረስ ይህ ይቀጥላል። ሚዛኑ የሚያርፈው በታችኛው የልብ ክፍል ሕዋስ ወደ 90፣ በነርቭ ሕዋስ ደግሞ ወደ 70 ሚሊቮልት ከዜሮ በታች ነው።

በሯ ወንፊት አይደለችም። ወንፊት ብትሆን ትንሹ ያልፍ ትልቁ ይቀር ነበር። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ከፖታሲየም የሚያንሰው ሶዲየም ይመለሳል፣ ትልቁ ፖታሲየም ያልፋል። አንድ አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ያለው አተም፣ በውሃ ውስጥ ሲሆን የውሃ ሞለኪውሎች ከብበውት ይኖራሉ፤ ጠባቡን መተላለፊያ ለማለፍ ይህን ልብሱን ማውለቅ አለበት። በሯ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት የኦክስጅን አተሞች ለፖታሲየም ልክ የውሃውን ያህል ርቀት ላይ ቆመው ይቀበሉታል፤ ስለዚህ ማውለቁ አይከብደውም። ሶዲየም ግን ትንሽ ስለሆነ አንዱን ግድግዳ ሲነካ ሌላው ይርቀዋል፤ ውሃውን ጥሎ መግባት አያዋጣውም። ሮድሪክ ማኪነን በ1998 ከባክቴሪያ የተገኘችን የፖታሲየም በር በኤክስሬይ አሳይቶ ይህን ገልጧል፤ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። እኔን የሚገርመኝ ይህን ያህል መራጭ ሆና ፈጣን መሆኗ ነው፦ በሰከንድ እስከ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ አዮኖችን ታሳልፋለች።

ነርቭና ልብ የሚለያዩት በሰዓት አጠቃቀማቸው ነው። በነርቭ ውስጥ ሶዲየም ይገባል፣ ወዲያው የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሕዋሱ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 በስኩዊድ ወፍራም ነርቭ ላይ ለክተው ያሳዩት ይህ ሂደት አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ነው። የልብ ሕዋስ ግን ካልሲየም እያስገባ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ጡንቻው ጨምቆ ሳይጨርስ ሌላ ትእዛዝ እንዳይቀበል። መጨረሻውን የሚያበጁት ሁለት ዓይነት የፖታሲየም በሮች ናቸው፤ አንዷ ፈጣን፣ አንዷ ዘገምተኛ። ኪውቲ የምንለው ርዝመት ከመነሻው እስከዚህ መዘጊያ ያለው ጊዜ ነው። ፖታሲየም ሲዘገይ ኪውቲ ይረዝማል።

ፈጣኗ በር ሄርግ ትባላለች። ከፊል ስሟ የመጣው ከዝንብ ነው፤ የዚህች ዘረ መል ዘመድ የጎደለባቸው ዝንቦች በኢተር ሲደነዝዙ እግራቸው እንደ ጨፋሪ ይርገፈገፍ ነበር። ጠባይዋ ከሌሎች በሮች ለየት ይላል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ትከፈታለች፣ ግን መቀርቀሪያዋ ወዲያው አብሮ ይወድቃል፤ በሩ ክፍት መተላለፊያው ዝግ። ቮልቴጁ መውረድ ሲጀምር መቀርቀሪያው ቀድሞ ይነሣል፣ በሩ ግን ለመዘጋት ይዘገያል። በዚች ክፍተት ፖታሲየም እየጎረፈ ይወጣል። ስለዚህ ሄርግ የምትሠራው ስትፈለግ ብቻ ነው፤ በምቱ ማብቂያ ላይ። በ1995 የዚህች ዘረ መል ጉድለት ኪውቲ ከሚያረዝሙት የዘር በሽታዎች ሁለተኛውን ዓይነት እንደሚያመጣ ታወቀ።

በአንዲት ሴት ላይ የተደራረቡት አራት ነገሮች

በኋላ የመጣው የዘረ መል ውጤት ከሁለቱ የሄርግ ዘረ መል ቅጂዎች በአንደኛው ላይ፣ የበሯን መተላለፊያ በሚሠራው ክፍል አጠገብ፣ አንድ አሚኖ አሲድ ተቀይሮ አሳየ። «አንዱ ቅጂ ደኅና ከሆነ ግማሹ ይሠራላታል» የሚል ሰው አለ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲህ አስብ ነበር። ሄርግ ግን አራት ቁራጮች ተጋጥመው የሚሠሯት በር ናት። ግማሾቹ ቁራጮች የተበላሹ ሆነው በዘፈቀደ ቢጋጠሙ፣ አራቱም ደኅና የሚሆኑባት በር ከ16 አንዷ ብቻ ናት። አንድ ብልሹ ቁራጭ የሦስቱን ሥራ የሚያሰናክል ከሆነ ጉዳቱ ከግማሽ ብዙ ያልፋል። አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ፕሮቲኑን በሕዋሱ ውስጥ ያስቀረዋል፤ እስከ ሽፋኑም አይደርስ።

ይህ ከልደቷ ጀምሮ የነበረ ነው። በላዩ መድኃኒቱ መጣ። የሄርግ ውስጠኛ ክፍል ሰፋ ያለ ሲሆን ብዙ ዓይነት ሞለኪውል የሚጣበቅባቸው ነጥቦች አሉት። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ሃሎፔሪዶል እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ ሁሉም ግን እዚህ ይሰነቀራሉ። የአለርጂ መድኃኒት የነበረው ቴርፈናዲንና የጨጓራው ሲሳፕራይድ በብዙ አገሮች ከገበያ የወጡት በዚህች በር የተነሣ ነው። ከ2005 ወዲህ አዲስ መድኃኒት ሲሠራ ሄርግን ይዘጋ እንደሆነ መፈተሽ ዓለም አቀፍ መመሪያ ሆኗል።

ሦስተኛው የፖታሲየም ማነስ ነው። የሒሳብ ሰው «ከውጭ ፖታሲየም ሲቀንስ ከውስጥ የሚወጣው መብዛት አለበት» ይላል፤ ግፊቱ ይጨምራልና። ሄርግ ላይ ግን ተቃራኒው ይሆናል። የውጩ ሲያንስ መቀርቀሪያው ይጠነክራል፣ በሮቹም ከሽፋኑ ወደ ውስጥ እየተሰበሰቡ ይቀንሳሉ። የሦስት ቀን ተቅማጥና ትውከት የልቧን መዝጊያ እንዲህ ነው የወሰደው።

አራተኛው ደወሉ። ድንገተኛ ድምፅ አድሬናሊንን በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ አድሬናሊን ካልሲየም የሚያስገቡትን በሮች ወዲያው ይከፍታል። በጤናማ ልብ ሁለቱም የፖታሲየም በሮች ተባብረው ይመልሱታል። እሷ ግን የቀረቻት ዘገምተኛዋ ናት፣ ያችም ሥራዋን ለማንሣት ጊዜ ትፈልጋለች። በዚያ ክፍተት ውስጥ ሕዋሱ ሳያርፍ ዳግም ይቀሰቀሳል። በአንደኛው ዓይነት፣ ማለትም ዘገምተኛዋ በር ስትጎድል፣ ታካሚዎች የሚወድቁት በሩጫና በተለይ በዋና ላይ ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ግን በደወል፣ በስልክ፣ በድንጋጤ፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራትም አደጋው ይጨምራል። የእናቲቱ ምስክርነት የበሽታውን ዓይነት ሳይቀር ይናገር ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎችና የኔ ስሕተት

ክላሪትሮማይሲን ቆመ። 2 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት በደም ሥር ገባ፤ ፖታሲየም ቀስ በቀስ ተሰጣት፤ ልቧ በሞኒተር እንዲታይ ሆነ። እስከዚህ መልካም ነው። ከዚያ ማቅለሽለሹ አስቸገራትና ማስታወክን የሚከላከለውን ኦንዳንሴትሮን አዘዝኩ። እጄ የለመደው ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ የምጽፈው። ሄርግን ከሚዘጉት መድኃኒቶች አንዱ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ያን ሰዓት ማወቄ ብዕሬ ጋር አልደረሰም።

ፋርማሲስቱ የትእዛዙን ወረቀት ይዞ በእግሩ መጣ። «ዶክተር፣ ይህን በዚህ ኪውቲ ላይ ይሰጡታል?» አለኝ። ከ20 ደቂቃ በፊት ተሰጥቷል። እንደ ቆምን ሳንወያይ፣ ከጎን አልጋ የመድኃኒት ማፍሰሻ መሣሪያ ማስጠንቀቂያውን ጮኸ። የሞኒተሩ ሞገድ አንድ ጊዜ ዘገየ፣ ቀጥሎ እየወፈረና እየቀጠነ፣ በዘንጉ ዙሪያ እንደሚፈተል ክር ይጠማዘዝ ጀመር። ፈረንሳዊው ዴሰርቴን በ1966 ቶርሳድ ደ ፕዋንት ብሎ የጠራው ምት ነው። ታካሚዋ ነጣች፣ ገተረች፣ እጇ ተንዘፈዘፈ። ባለቤቷ «ይኸው! ይሄ ነው የሚጥላት!» አለ። 11 ሰከንድ ቆይቶ በራሱ ቆመ፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት ማሽኑ ተዘጋጅቶ ነበር፣ አላስፈለገም። ማግኒዚየሙ ተደገመ። ያ የ11 ሰከንድ ወረቀት መዝገቡ ላይ ተለጥፏል፤ «የሚጥል በሽታ» የሚለውን ቃል የሰረዝነው በእሱ ነው። በስሕተቴ የተገኘ ማስረጃ መሆኑን አልረሳም።

በሦስተኛው ቀን ፖታሲየሟ 4.3 ደረሰ፤ ኪውቲዋ ወደ 490 ወረደ። ወረደ እንጂ ጤናማ አልሆነም፤ የቀረው የዘሯ ድርሻ ነው።

ለዘለቄታው የሚሰጠው አድሬናሊንን የሚያበርድ ቤታ ብሎከር ነው። መጀመሪያ በቅርብ የተገኘው ሜቶፕሮሎል ተሰጣት። ለዚህ በሽታ ግን ሜቶፕሮሎል ከፕሮፕራኖሎልና ከናዶሎል ያነሰ ጥበቃ ይሰጣል፤ ስለዚህ በማግስቱ ቀየርነው። ናዶሎል ወደ ጡት ወተት በብዛት ስለሚያልፍ ፕሮፕራኖሎልን መረጥን። በደረት ውስጥ የሚተከለውን የንዝረት መሣሪያ አንሥተን ተወያየን። መውደቁ የተባባሰው በመድኃኒትና በፖታሲየም ማነስ ስለሆነ፣ ቤታ ብሎከርም ከዚህ በፊት ወስዳ ስለማታውቅ፣ ለጊዜው አቆየነው፤ መድኃኒቱን እየወሰደች ከወደቀች ይተከላል።

ካርባማዜፒኑን በአንድ ቀን አላቆምነውም። የነርቭ ሐኪሙ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ቀነሰው።

«ታዲያ በሽታዬ የልብ ነው የነርቭ?»

ይህን የጠየቀችው ራሷ ናት። የልብ ነው አልኳት፤ ወጣ ብዬም ለነርቭ ሐኪሙ ያለፉትን ሐኪሞች እያማሁ አወራሁለት። ቁጣዬን ያበረደልኝ እሱ ነው። የነርቭ ሕዋሳትም በፖታሲየም በሮች ነው የሚገቱት አለኝ። ኬሲኤንኪው2 እና ኬሲኤንኪው3 በሚባሉት ዘረ መሎች የሚሠሩት በሮች ነርቭ ደጋግሞ እንዳይተኩስ እንደ ፍሬን ይይዙታል፤ ሲጎድሉ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንደሚመጣ ከ1998 ጀምሮ ይታወቃል። የልቧ ዘገምተኛ በር ደግሞ የእነሱ እኅት ናት፤ ኬሲኤንኪው1። ይህችው በር በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ውስጥ ፖታሲየም ታስገባለች፤ ለዚህ ነው ጀርቬልና ላንገ ኒልሰን በ1957 የገለጿቸው ሕፃናት መስማት የተሳናቸውም፣ ኪውቲያቸው የረዘመም የሆኑት። ሄርግም በአንጎል ውስጥ ትገኛለች። ስለዚህ የአንዱ አካል በር ሲበላሽ ሌላውን መመርመር ከንቱ አይደለም። በእኛ ታካሚ ላይ የተፈጠረው ስሕተት አንጎልን መመርመሩ ሳይሆን እዚያው መቆሙ ነው።

ቤተሰቡ

በሽታው ከወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። እናቲቱ ለውጡን ይዘዋል፤ ኪውቲያቸው 455 ነው፣ ወድቀው አያውቁም። የ31 ዓመቱ ወንድሟ 478 ሆነ፤ እሱም አንድም ቀን አልወደቀም። ሕፃኑ አልወረሰም። የእናቲቱ እኅት በ24 ዓመቷ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኝታለች፤ «ልቧ ቀጥ አለ» ተብሎ ተቀበረች። አሁን ምንም ማለት አይቻልም፤ እናቲቱ ግን ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ሌላ ጉዳይ ላይ የሚሠራ

ተንቀጥቅጦ የወደቀ ሰው ሁሉ ኢሲጂ ይነሣ፤ ከኢኢጂ በፊት። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ፈጣን ነው። የማሽኑን ቁጥር ግን ለቲ ሞገዱ ቅርጽ ዐይናችሁን ሳትሰጡ አትመኑት፤ ሁለት ጉብታ ካየ ሰው ማስመሪያ ያውጣ።

በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንደ ወደቀ ጠይቁ። ሩጫ፣ ዋና፣ ደወል ወይስ እንቅልፍ? መልሱ የትኛዋ በር እንደ ተበላሸች ከዘረ መል ምርመራው ሳምንታት ቀድሞ ሊጠቁም ይችላል። አብሮት የሚኖረውንም ሰው ጠይቁ፤ የሚናገረውንም በእርሳስ በኅዳግ ሳይሆን በብዕር መሐል ገጽ ላይ ጻፉት።

ኪውቲው ለረዘመ ታካሚ እያንዳንዱ አዲስ ትእዛዝ፣ የለመድነውም ቢሆን፣ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር። እኛ ይህን ሥራ ለፋርማሲስቱ ሰጥተናል፤ ትእዛዙ የሚወጣው እሱ ካየው በኋላ ነው። ትውከትና ተቅማጥ ለእንዲህ ያለው ሰው ተራ ሕመም እንዳልሆነም ቤተሰቡ ይወቅ፤ ፖታሲየም በዚያው ቀን ይለካ።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ

ታካሚዋ አልወደቀችም። ፕሮፕራኖሎሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት አድክሟት ነበር፤ መጠኑ ከተከፋፈለ በኋላ ለመደችው። የምትነቃው በእጇ ላይ በምትንቀጠቀጥ ድምፅ አልባ ሰዓት ነው። ወንድሟ ግን መድኃኒቱን እስካሁን አልጀመረም፤ «ደኅና ሰው መድኃኒት አይውጥም» ይላል። ሁለት ጊዜ ተነጋግረናል፣ አላሳመንኩትም። የተከለከሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር ግን በኪሱ ይዟል፤ ባለፈው ወር ለጥርሱ የታዘዘለትን ከመዋጡ በፊት ደውሎ ስሙን ፊደል በፊደል አነበበልኝ።